አንድ ሰርቨር ሞቷል፣ የመረጃ ዲስኮቹ ግን ደህና ይመስላሉ፤ ከክላስተሩ ምንም ሳይጠፋ እንዴት ልመልሰው? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና ማዶ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል የሕክምና ምርመራ ማዕከል የኮምፒውተር ሥራውን የምይዘው እኔ ነኝ። የራጅ፣ የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ምስሎቻችን በሙሉ በሦስት ሰርቨሮች ላይ በተዘረጋ የሴፍ ክላስተር (ሴፍ መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ዲስኮች ላይ እያባዛ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው) ይቀመጣሉ። የካርድ ክፍሉና የላቦራቶሪው ፕሮግራም የሚሠሩባቸው ቨርቹዋል ማሽኖችም መረጃቸው እዚያው ነው። በየሰርቨሩ ባለ 4 ቴራባይት አራት ዲስኮች አሉ። እያንዳንዱ መረጃ ሦስት ቅጂ አለው፤ በየሰርቨሩ አንድ ቅጂ ማለት ነው። ዲስኮቹ 55 በመቶ ያህል ተይዘዋል።

ትናንት ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ አንደኛው ሰርቨር አልነሳም። ማራገቢያው ይዞራል፣ ማዘርቦርዱ ይበራል፤ ነገር ግን ሲስተሙ የተጫነበትን ኤስኤስዲ ጨርሶ አያየውም። ኤስኤስዲውን አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት፤ እዚያም አይታይም። አራቱ የመረጃ ዲስኮች ግን በባዮስ ላይ ይታያሉ፣ ድምፃቸውም የተለመደው ነው። ክላስተሩ ማስጠንቀቂያ እያሳየ ይሠራል፤ ከቅጂዎቹ 33 በመቶው ጎድሏል ይላል። ሐኪሞቹ ምስል ይከፍታሉ፣ አዲስም ያስገባሉ።

ኃላፊዎቼ «ሰርቨሩን እንደ አዲስ ጫነው፣ ዲስኮቹንም አጽዳቸውና ከሁለቱ ይሙሉ» እያሉኝ ነው። ይህ ትክክል ነው? ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከሐርቡ የሚመጡ ታማሚዎች አሉን። የአምናው ምስል ከዘንድሮው ጋር ካልተያየ ሐኪሙ ዕጢው ማደጉን አለማደጉን በምን ያውቃል? አንድም ፋይል እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

የሐይቅ ልጅ
ማክሰኞ፣ 3፡05

አብሽር ወንድሜ፣ ክላስተሩ እየሠራ ከሆነ መረጃው አለ። መጀመሪያ «ኖ አውት» የሚባለውን ምልክት አሁኑኑ አብራ። ሴፍ አንድ ዲስክ ሲወድቅበት 600 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ይጠብቀዋል። ካልተመለሰ ከቁጥር ያስወጣውና የእሱን ድርሻ ወደ ሌሎቹ መገልበጥ ይጀምራል። ያ ከተጀመረ መረባችሁ ይጨናነቃል፣ ሐኪሞቹም ምስል ለመክፈት ይቸገራሉ።

ጦሳ ሥር
ማክሰኞ፣ 3፡50

የሐይቅ ልጅ የተናገረው አምስት ስድስት ሰርቨር ላለው ክላስተር ልክ ነው። እዚህ ግን ሰርቨሩ ሦስት፣ ቅጂው ሦስት፣ ሕጉም «ሁለት ቅጂ በአንድ ሰርቨር አይደር» ነው። ስለዚህ የጎደለው ቅጂ የሚሄድበት ቦታ የለም፤ 10 ደቂቃው ቢያልፍም ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም። ምልክቱን ማብራቱ ግን አይጎዳም። ሰርቨሩ ዲስክ በዲስክ ሲመለስ ይጠቅምሃል፣ አብራው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ወንድሜ፣ እነዚያን አራት ዲስኮች እንዳታጸዳ! ኃላፊዎችህ ሥራው እንዲፈጥን ፈልገው እንጂ ክፉ አስበው አይደለም፤ ነገር ግን የሞተው የሲስተሙ ዲስክ ብቻ ነው። ሦስተኛው ቅጂ እስከ ትናንት ሌሊት ድረስ ያለውን ሁሉ ይዞ እዚያው ሰርቨር ውስጥ ተቀምጧል። እሱን ማጽዳት ማለት በሁለት እግሩ የቆመውን ክላስተር ለብዙ ሰዓት በሁለት እግሩ ብቻ እንዲቆይ መፍረድ ነው። ከቀሩት ስምንት ዲስኮች አንዱ በዚያ መሐል ቢወድቅስ? በመገልበጥ ላይ ያለ ዲስክ ቀንና ሌሊት ስለሚነበብ፣ የደከመ ዲስክ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ነው።

ሴፍ ከመጀመሪያው የታሰበው ዕቃ መበላሸቱ የማይቀር ነው ተብሎ ነው። ሴጅ ዌል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ለዶክትሬቱ ሲሠራው የመረጃውን አድራሻ በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ላይ አላስቀመጠውም፤ ክራሽ በተባለው ስሌት ማንኛውም ማሽን የመረጃውን ቦታ አስልቶ እንዲያገኘው አደረገ እንጂ። የእያንዳንዱ ዲስክ ማንነትም፣ ቁጥሩ፣ የክላስተሩ መለያ፣ የመግቢያ ቁልፉ፣ ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ዲስኩ አዲስ ሲስተም ወዳለበት ሰርቨር ሲገባ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይመለሳል፤ የሚገለበጥለትም በሌለበት ጊዜ የተለወጠው ብቻ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር መልስልኝ። የዲስኮቹ የውስጥ ዳታቤዝ፣ ዲቢ የሚባለው፣ የት ነው ያለው? እዚያው በየዲስኩ ላይ ነው ወይስ ለፍጥነት ተብሎ ኤስኤስዲ ላይ ተለይቶ ተቀምጧል? ተለይቶ ከሆነ በየትኛው ኤስኤስዲ? ብዙ ቦታ ወጪ ለመቀነስ ከሲስተሙ ጋር አንድ ላይ ያደርጉታል፤ ያ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሁለተኛው፣ ሞኒተሮቻችሁ፣ ማለትም የክላስተሩን ሁኔታ በድምፅ ብልጫ የሚወስኑት የሴፍ አገልግሎቶች፣ ስንት ናቸው? ሦስት ከሆኑና አንዱ የሞተው ሰርቨር ላይ ከነበረ አሁን የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ሁለት ከሦስት አብላጫ ስለሆነ ይሠራል፤ አንድ ብቻ ከቀረ ግን ዲስኮቹ ሁሉ ደህና ሆነው እንኳ ክላስተሩ ይቆማል። የተረፉትን ሁለት ሰርቨሮች እስከዚያ ድረስ ማንም ዳግም እንዳያስነሳቸው፣ ሲስተማቸውንም እንዳያሻሽል።

ሐርቡ መንገድ
ማክሰኞ፣ 5፡30

ስለ ኤስኤስዲው አንድ ነገር ልጨምር። ለቤት ኮምፒውተር የሚሸጡት ኤስኤስዲዎች አብዛኞቹ መብራት በድንገት ሲሄድ በእጃቸው ያለውን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር የላቸውም። ለሰርቨር የሚሠሩት አላቸው። በእኛ አካባቢ መብራት ሄዶ ወዲያው ይመለሳል፣ ተመልሶ ይሄዳል፤ ይህ መንገጫገጭ ረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከመቆየቱ የበለጠ ይጎዳል። አዲስ ስትገዙ ዋጋው ቢከብድም «ከመብራት መጥፋት መከላከያ ያለው» ብላችሁ ጠይቁ። ለሲስተሙም ሁለት አድርጋችሁ በመስታወት ቅጂ (አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ) አስሯቸው፤ አንዱ ቢሞት ሰርቨሩ አይወድቅም።

ዩፒኤስ አላችሁ? ባትሪው ሲያረጅ መብራቱ እየበራ ጭነት የማይችል ዩፒኤስ በየቢሮው ሞልቷል።

ቦርከና ማዶ
ማክሰኞ፣ 9፡15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

ጋሼ ጦሳ፣ የተሠራበትን ሰነድ አገኘሁት። የሁለቱ ዲስኮች ዲቢ በየራሳቸው ላይ ነው። የሌሎቹ ሁለት ግን እንደ ፈሩት ከሲስተሙ ጋር በዚያው በሞተው ኤስኤስዲ ላይ ነበር። ሞኒተር ሦስት ነበር፤ አንዱ ከሰርቨሩ ጋር ሄዷል፣ ሁለቱ ይሠራሉ። «ኖ አውት» በርቷል። ኃላፊዎቹን አነጋግሬ ዲስኮቹን ላለማጽዳት ተስማምተዋል። ዩፒኤሱ አለ፤ ነገር ግን ሐርቡ መንገድ ባለው ዓይነት ሁኔታ ላይ ነው።

ኤስኤስዲ ደሴ ፒያሳ ካሉት መደብሮች እንዲመጣ ተልኳል።

ጦሳ ሥር
ማክሰኞ፣ 10፡00

እንግዲህ ከአራቱ ሁለቱን እንደ ዳነ፣ ሁለቱን እንደ ጠፋ ቁጠራቸው። ዲቢው የትኛው መረጃ በዲስኩ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ የሚመዘግበው ነው፤ እሱ ከሌለ በቀረው ዲስክ ላይ ያለው 2 ቴራባይት ሁሉ ሊነበብ አይችልም። ቢሆንም እነዚህን ሁለቱንም አሁን አታጽዳ። ክላስተሩ ጤና እስኪሆን አስቀምጣቸው። ኤስኤስዲውን የሚጠግን ባለሙያ ሊገኝ ይችላል፣ ያኔ ይፈለጋሉ።

ስለ ቦታውም አስብ። ሁለቱ ዲስኮች ተመልሰው የአራቱን ጭነት ልሸከም ቢሉ 55 ሲደመር 55፣ 110 በመቶ ይሆናል፤ አይችሉም። ሴፍ 85 በመቶ ላይ ያስጠነቅቃል፣ 90 ላይ ወደዚያ ዲስክ መገልበጥ ያቆማል፣ 95 ላይ ጭራሽ መጻፍ ይከለክላል። «ኖ አውት» የሚጠቅምህ እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱ ከመብራቱ በፊት ከቁጥር የወጡ ካሉ በእጅህ «ኢን» ብለህ መልሳቸው፣ ያኔ የጠፉት ሁለቱ ድርሻ በተመለሱት ላይ እንዳይወርድባቸው ይይዝልሃል።

ቦርከና ማዶ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ሁኔታው ተባብሷል። ሌሊት ሁለተኛው ሰርቨር ላይ አንዱ ዲስክ የማንበብ ስህተት ያወጣ ጀመር፤ ዲስኩን የሚያስተዳድረው የሴፍ አገልግሎት ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። ከንጋት ጀምሮ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የካርድ ክፍሉ በወረቀት እየመዘገበ ነው። ከመረጃ ክፍሎቹ (ሴፍ መረጃውን ከፋፍሎ ከሚይዝባቸው ቁራጮች) ሩብ ያህሉ የማይሠሩ ሆነዋል ይላል። ታማሚዎች ተሰልፈዋል። ምን ላድርግ?

የሐይቅ ልጅ
ረቡዕ፣ 1፡45

«ሚን ሳይዝ» የሚለውን ከ2 ወደ 1 አውርደው። ክላስተሩ የቆመው ቢያንስ ሁለት ቅጂ ካላየሁ አልጽፍም ስለሚል ነው። ወደ 1 ብታወርደው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይነሳል፣ ታማሚዎቹም ይስተናገዳሉ።

ገራዶ
ረቡዕ፣ 1፡55

እባክህ አታድርገው! የሐይቅ ልጅ፣ ታማሚዎቹን አስበህ እንደ ተናገርክ ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህ ምክር ስንት ቦታ መረጃ እንዳጠፋ ባየህ ኖሮ አትመክረውም ነበር።

ክላስተሩ የቆመው መረጃውን ለማትረፍ ነው። አሁን ያ ሩብ ድርሻ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለ ነው። ወደ 1 ሲወርድ አዳዲስ ጽሑፎች በዚያ አንድ ቅጂ ላይ ብቻ መጻፍ ይጀምራሉ። ከዚያ ያ ዲስክ ለአፍታ እንኳ ቢጠፋ፣ የተቀሩት ቅጂዎች አሮጌ ይሆናሉ። ሴፍ ደግሞ «እኔ የማላየው አዲስ ጽሑፍ በዚያ ዲስክ ላይ ሊኖር ይችላል» ብሎ አሮጌዎቹን አይቀበልም፤ ያ ዲስክ እስኪመለስ ይጠብቃል። ዲስኩ ካልተመለሰ ያለህ ምርጫ መረጃ እየጣልክ መክፈት ብቻ ይሆናል። ዛሬ የቆመው ክላስተር ግን ምንም አልጣለም።

ለታማሚዎቹ ሌላ መንገድ አለ። ሲቲ ስካኑም ራጁም የየራሳቸው ዲስክ አላቸው፤ የቅርብ ጊዜ ምስሎች በማሽኑ ኮንሶል፣ ማለትም በራሱ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ላይ ይቆያሉ። ሐኪሙ ኮንሶሉ ላይ ያንብብ። የምስል ባለሙያዎቹ ከማሽኑ ምንም እንዳይሰርዙና በራስ ሰር መሰረዙን እንዲያጠፉት ንገራቸው። ክላስተሩ ሲነሳ ሁሉንም ደግመው ይልኩታል። ሥራው ይዘገያል እንጂ አይቆምም።

ጦሳ ሥር
ረቡዕ፣ 2፡10

ገራዶ ያለችውን አጠናክራለሁ። አሁን በቅደም ተከተል ሂድ።

የሚወድቅና የሚነሳውን ዲስክ አገልግሎቱን አቁመው። እንዲህ ሲንገላታ ክላስተሩ በየጊዜው እንደገና እየተስማማ ይደክማል፣ ዲስኩም ይብስበታል። አውጣው፣ ቀንና ቁጥሩን ጻፍበት፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት። እንዳትጥለው፤ ብዙው ክፍሉ አሁንም ይነበባል።

«ኖ አውት» በርቷል ብለሃል። እሱ ይህን ዲስክም በራሱ ከቁጥር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ይህን አንዱን ዲስክ በእጅህ «አውት» በለው። ያኔ የሁለተኛው ሰርቨር ቀሪ ሦስት ዲስኮች ድርሻውን ከሦስተኛው ሰርቨር መገልበጥ ይጀምራሉ። ቦታ አላቸው፤ 55ቱ ወደ 73 በመቶ ይወጣል፣ ከ85 በታች ነው።

ጊዜውን ለኃላፊዎችህ በሐቅ ንገራቸው። የሚገለበጠው 2.2 ቴራባይት ነው። መረባችሁ 1 ጊጋቢት ከሆነ በሰከንድ ከ115 ሜጋባይት ገደማ አያልፍም፤ ስለዚህ ቢፈጥን ከ5 ሰዓት በላይ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን አንደኛውን ሰርቨር አስነሳ። ያን ሁለት ዲስክ መመለስ ዋናው መፍትሔ ነው። ከቆሙት ክፍሎች ግማሹ ሁለተኛ ቅጂው እነዚያ ሁለቱ ላይ ስለሆነ፣ ሲመለሱ የቆመው ከሩብ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ለዚያ ለአንድ ስምንተኛው ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጥ ትእዛዝ አለ፣ «ፎርስ ባክፊል» ይባላል፤ የቆሙትን ክፍሎች ቁጥር እየሰጠህ ቀድመው እንዲገለበጡ አድርግ።

አዲሱ ሲስተም የቀድሞው የሴፍ እትም ይሁን፤ በዚህ ሰዓት እትም አይቀየርም። የሰርቨሩ ስምና አድራሻም የድሮው ይሁን። የሴፍን ማዋቀሪያ ፋይልና የማስጀመሪያ ቁልፉን ከሁለተኛው ሰርቨር ቅዳ። ከዚያ «ሴፍ ቮልዩም» በሚባለው መሣሪያ «ያሉትን ሁሉ አንሳ» በለው፤ ዲስኮቹን አንብቦ ራሱ ያውቃቸዋል። «አዲስ ፍጠር» ወይም «ዛፕ» የሚሉትን ግን አትንካቸው፤ እነሱ የሚያጸዱ ናቸው።

ሸዋ በር
ረቡዕ፣ 5፡20

ክሩን ሳነብ የእኛ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው፤ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ብዙም አልርቅም። ደሴ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ክላስተሩ ሁለት ቅጂ ብቻ ነው ያለው፣ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ዲስኮች በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ተከታትለው ወደቁ። አንዱ ጭራሽ አይዞርም። ሌላው ይዞራል፣ ግን አገልግሎቱ አይነሳም። አሁን ጥቂት ክፍሎች «ኢንኮምፕሊት» (ያልተሟላ) ይላሉ። አንድ ሰው «ሎስት በለውና ክፈተው» አለኝ። ልቀበለው?

ጦሳ ሥር
ረቡዕ፣ 6፡00

አትቀበለው። «ሎስት» ማለት ያ ዲስክ ዳግመኛ አይፈለግም ብለህ መፈረም ነው። የሚዞር ዲስክ እያለህ እንዲህ አይፈረምም።

መጀመሪያ ዲስኩን ወደ ሌላ እኩል ወይም የበለጠ መጠን ወዳለው ደህና ዲስክ ገልብጠው። ለዚህ «ዲዲ ሬስኪው» የሚባለው ነፃ መሣሪያ አለ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ አስቸጋሪውን ዘሎ በኋላ ይመለስበታል፤ የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። የካርታ ፋይሉን ሳትሰጠው እንዳትጀምር። በዋናው ዲስክ ላይ አንድም ነገር አትጻፍ፣ የጥገና ትእዛዝም አታዝበት። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው።

ግልባጩ ላይ አገልግሎቱ ከተነሳ እሰየው፣ ክላስተሩ ራሱ ይጨርሰዋል። ካልተነሳ «ሴፍ ኦብጀክትስቶር ቱል» የሚባል መሣሪያ አለ፤ አገልግሎቱ ቆሞ ሳለ የቆመውን ክፍል ለብቻው ወደ ፋይል ያወጣዋል። ያን ፋይል አገልግሎቱ ለጊዜው በቆመ ደህና ዲስክ ላይ ታስገባውና አገልግሎቱን ታስነሳዋለህ። አድካሚ ሥራ ነው፣ ክፍል በክፍል ነው የሚሄደው። የማይነበቡ ቦታዎች ካሉ የተወሰነ ነገር ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ምን እንደ ጠፋ አውቀኸው ነው የሚጠፋው።

ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ቅጂ ብለህ አንድ ብር እንዳትቆጥብ። ለሚፈለግ መረጃ ሁለት ቅጂ አይበቃም።

ቦርከና ማዶ
ረቡዕ፣ 11፡30

ኤስኤስዲው ደርሶ ሲስተሙን ጫንኩ። ስሙም አድራሻውም እትሙም የድሮው ነው። መሣሪያው አራቱንም ዲስክ አያቸው፤ ሁለቱን «ዲቢያቸው የለም» ብሎ ተዋቸው፣ ይህን ጠብቄዋለሁ። ሁለቱ ደህናዎቹ ግን ይነሳሉ፣ ወዲያው ወደ ሞኒተሮቹ መግባት አልቻልንም ብለው ይወድቃሉ። ቁልፉን አመሳከርኩት፣ አንድ ነው። የመረብ ገመዱም ደህና ነው።

ገራዶ
ረቡዕ፣ 11፡40

የሰርቨሩን ሰዓት እየው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት ሲሄድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል። የሴፍ የመግቢያ ፈቃድ ደግሞ ጊዜ የተወሰነለት ነው፤ ሰዓቱ የተዛባ ማሽን የሚያቀርበው ፈቃድ ተቀባይነት አያገኝም። ሞኒተሮች በመካከላቸው የ0.05 ሰከንድ ልዩነት ሲኖር እንኳ ያስጠነቅቃሉ። ሦስቱንም ሰርቨር ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር አስተካክላቸው። ኢንተርኔት ከሌለ አንዱ ሰርቨር ለሌሎቹ ምንጭ ይሁን።

ቦርከና ማዶ
ረቡዕ፣ ምሽት 12፡20

እህቴ፣ ሰዓቱ ነበር! ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፤ ሁለቱ ዲስኮች ገቡ። የቆመው ክፍል ወዲያው በግማሽ ቀነሰ፣ ልክ ጋሼ ጦሳ እንዳሉት። የካርድ ክፍሉ ቨርቹዋል ማሽን ግን ገና ነው። ለቀሩት ክፍሎች የቅድሚያ ትእዛዙን ሰጥቻለሁ፣ እየተገለበጡ ነው።

የሐይቅ ልጅ
ረቡዕ፣ ምሽት 12፡50

እሰይ! ገራዶ፣ ስለ ጠዋቱ ማብራሪያሽ አመሰግናለሁ።

ቦርከና ማዶ፣ ሴፋችሁ እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ ከኩዊንሲ ወዲህ ያለ እትም ከሆነ የመገልበጡን ፍጥነት የሚቆጣጠረው «ኤምክሎክ» የሚባለው ነው። የድሮዎቹ ቁጥሮች እንዲሁ ቢለወጡ አይሠሩም፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሰዓቱን ያባክናል። ማዕከሉ ሲዘጋ መልሶ ማገገምን የሚያስቀድመውን መርሐ ግብር ምረጥ፣ ጠዋት ሐኪሞቹ ሲገቡ ተጠቃሚን ወደሚያስቀድመው መልሰው።

ቦርከና ማዶ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ከሌሊቱ በኋላ የቆመ ክፍል የለም። የካርድ ክፍሉ በኮምፒውተር ተመልሷል፤ ትናንት በወረቀት የተመዘገበውን እያስገቡ ነው። ከሲቲው ኮንሶል ምስሎቹ እየተላኩ ነው። ሦስተኛውን ሞኒተር፣ አሮጌውን ከዝርዝር አውጥቼ፣ አዲስ ፈጠርኩት።

አሁን ዲቢያቸው የጠፋባቸውን ሁለቱን ላጽዳቸውና እንደ አዲስ ላስገባቸው? ሁሉም ክፍል ቢያንስ ሁለት ቅጂ አለው።

ጦሳ ሥር
ሐሙስ፣ 2፡30

አሁን ይቻላል። ሁሉም ክፍል ሁለት ደህና ቅጂ ስላለው እነዚህ ዲስኮች የሚያድኑት የቀረ ነገር የለም፤ ሦስተኛው ቅጂ በቶሎ መመለሱ ይበልጣል። ዲቢያቸውን በዚህ ጊዜ እዚያው ዲስኩ ላይ አድርገው። ትንሽ ይዘገያል፤ ነገር ግን አንድ ኤስኤስዲ ሞቶ ሁለት ዲስክ ይዞ አይሄድም። 4.4 ቴራባይት ስለሚገለበጥ በዚህ መረብ ከ10 ሰዓት በላይ ጠብቅ። ሁሉም ሲሞላ «ኖ አውት»ን አጥፋ፤ ምልክቱን በርቶ መርሳት የተለመደ ነው፣ በሚቀጥለው ብልሽት ጊዜ ዲስክ ወድቆ ማንም ሳይተካው ይቀራል።

ከዚያ ቅጂዎቹን አንብቦ የሚያመሳክረውን ጥልቅ ፍተሻ፣ «ዲፕ ስክረብ»፣ ለሁሉም ክፍል እዘዝ። በተለይ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ለተገለበጠው። በልማዱ በሳምንት አንዴ ራሱ ያደርገዋል፤ አሁን ግን አትጠብቀው።

ሐርቡ መንገድ
ሐሙስ፣ 4፡10

አንድ ከባድ ነገር ላንሳ፣ ቅር እንዳይላችሁ። ሦስት ቅጂ መጠባበቂያ አይደለም። አንድ ሰው በስህተት ፎልደር ቢሰርዝ ከሦስቱም በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ ሦስቱንም ይቆልፋል። ሦስቱ ሰርቨሮች ያሉት ደግሞ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የመብራት መስመር ላይ ነው።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ዘንድ የደረሰ ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ ሰሞን ነው የተያዙት። ስንት የሕክምና ተቋም ዕቃው ተዘርፎ ቀረ። ማሽን በርዳታም በግዢም ተተክቷል፤ የታማሚው የዓመታት መዝገብ ግን ከየት ይተካ? ስለዚህ «የኮምቦልቻውን ቅጂ ደሴ አስቀምጫለሁ፣ የደሴውን ኮምቦልቻ» የሚለው ለእሳት አደጋ ጥሩ ነው፣ ለዚያ ዓይነቱ ቀን ግን አይበቃም። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ቅጂ ራቅ ያለ ከተማ ይሁን፣ በምስጢር የተቆለፈ፣ ከመረቡ የተነቀለ። ትልቅ ዲስክ ገዝቶ በየወሩ ከሚታመን ሰው ጋር መላክ እንኳ ይበቃል፤ የታማሚ ምስጢር ስላለበት ግን ሳይቆለፍ እንዳይወጣ።

ገራዶ
ሐሙስ፣ 4፡40

እውነቱን ነው። እኔ የምጨምረው መልሶ ማውጣቱን መሞከርን ነው። ከመጠባበቂያው የአንድ ታማሚ ምስል መርጣችሁ በሌላ ማሽን ላይ ክፈቱት፣ ሐኪሙም ይየው። ይህ ያልተደረገበትን መጠባበቂያ እኔ መጠባበቂያ አልለውም።

ደሴ ላላችሁ ደግሞ፣ ብርዱ ሰርቨሩን ያቀዘቅዘዋል ብላችሁ የአየር ዝውውሩን ችላ አትበሉ። በ2,500 ሜትር አካባቢ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የዲስኮቹን ሙቀት ከራሳቸው መዝገብ አንብቡ እንጂ በክፍሉ ብርድ አትመኑ።

ቦርከና ማዶ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሁሉም ተሞልቷል፣ «ኖ አውት» ጠፍቷል፣ ክላስተሩ ጤነኛ ነው። ጥልቅ ፍተሻው አንድ ክፍል ላይ አለመስማማት አገኘ፤ ዝርዝሩን ሳየው በሁለተኛው ሰርቨር ያለው አንድ ቅጂ ቼክሰሙ (የማረጋገጫ ቁጥሩ) አልገጠመም፣ ሁለቱ ግን ገጥመዋል። የመጠገኛ ትእዛዙን ሰጠሁ፣ ከደህናዎቹ ተተካ። ከምስል ክፍሉ ጋር ሆነን የዝርዝሩን ቁጥር ከማሽኖቹ ጋር አመሳከርን፤ የጎደለ ምስል የለም። በመሳቢያው ያለውን ዲስክ አሁንም አልጣልኩትም። ራቅ ላለው ቅጂ የሚሆን ዲስክ እንዲገዛም ማዕከሉ ፈቅዷል።

ዩፒኤሱ በአዲስ ባትሪ ተተክቷል። የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ መብራት ሄዶ ባትሪው ሲያንስ ሰርቨሮቹ በምን ቅደም ተከተል ይዘጉ?

ጦሳ ሥር
ቅዳሜ፣ 4፡00

አልሐምዱሊላህ፣ ደስ የሚል ዜና ነው።

መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽኖቹን ዝጋ፤ እነሱ ሳይዘጉ ክላስተሩ ከሥራቸው ከተነሳ ዳታቤዞቻቸው ይጎዳሉ። ከክላስተሩ ጋር ተያይዘው ፋይል የሚያነቡትን ሌሎች ኮምፒውተሮችም አላቅቅ። ቀጥሎ «ኖ አውት»ን አብራ፤ ከእሱ ጋር «ኖ ሪከቨር» እና «ኖ ባክፊል» የሚባሉትን ጨምር፣ ሲዘጋና ሲነሳ ያለ ምክንያት መገልበጥ እንዳይጀምር። ከዚያ የዲስክ አገልግሎቶቹን በየሰርቨሩ አቁም፣ ሞኒተሮቹን በመጨረሻ። ይህን ሁሉ በዩፒኤሱ ምልክት ራሱ የሚያስኬድ አጭር ስክሪፕት ጻፍለት፣ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ይጀምር፤ ሌሊት ማንም ላይኖር ይችላል።

ስታስነሳ መጀመሪያ የየሰርቨሩን ሰዓት እይ። ከዚያ ሞኒተሮቹ ሦስቱም ይገናኙ። ዲስኮቹ ሁሉ ሲነሱ ምልክቶቹን አጥፋቸው፣ ክላስተሩ ጤነኛ ነኝ እስኪል ጠብቅ፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከሁሉም በኋላ አስነሳ፣ መጀመሪያ የዳታቤዙን፣ ቀጥሎ የካርድ ክፍሉን።